ድኩላ ሳያሸተን እንዴት እንጠጋው? በደሴና በኮምቦልቻ ጋራዎች ስለ ነፋስና ጠረን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴና ከኮምቦልቻ ካሜራና ባይኖኩላር ይዘው ወደ ጋራ የሚወጡ ልጆች በየሳምንቱ ይደውሉልኛል። አብዛኞቹ «የት ብንቀመጥ እናያለን?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ «በየት በኩል ልትገቡ ነው?» ብዬ እመልስላቸዋለሁ። በዚህ ጋራና ሸለቆ በበዛበት አገር ድኩላ የሚያመልጠን መቀመጫችን ከፍቶ አይደለም። ወደ መቀመጫው ስንሄድ ጠረናችን ቀድሞን እየደረሰ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግመው የመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው።

የምታወራው ስለ አደን ነው ወይስ ስለ ማየት?

ስለ ማየትና ፎቶ ስለ ማንሳት። በአገራችን የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ የዱር እንስሳት አዋጁ የሚለው ይህንኑ ነው። ፈቃድ ያለው አደን የሚካሄደው በተከለሉ የአደን ቦታዎች በቁጥጥር ነው። ስለ ነፋስ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ግን ከአዳኞች የተወረሰ ነው፤ የሚያደባ ሰው ጠመንጃም ያዘ ካሜራ እንስሳው አፍንጫ ዘንድ ልዩነት የለውም።

ውጭ አገር ስለ አጋዘን አደን የሚጻፈው ምክር ለእኛ ይሠራል?

ግማሹ ይሠራል። መጀመሪያ ግን ስሙን እናጥራ። የፈረንጆቹ አጋዘን በየዓመቱ የሚረግፍና እንደገና የሚበቅል ቅርንጫፋም ቀንድ ያለው እንስሳ ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ በኢትዮጵያ የለም። እኛ አጋዘን የምንለው ቀንዱ የተጠማዘዘውን ነው፤ የባሌና የአርሲው የደጋ አጋዘንም የድኩላ የቅርብ ዘመድ ነው። የእነዚህ ቀንድ አንዴ ከበቀለ አይረግፍም። ትርጉም ላይ ስሙ ስለተደበላለቀ አንዳንድ ልጆች «አጋዘን በጥቅምት እንዲህ ያደርጋል» የሚል ነገር አንብበው ከደሴ በላይ ባለው በጦሳ ተራራ ላይ ይጠብቁታል። በሰሜን አሜሪካ ስለሚታደነው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን የተጻፈውን የወቅትና የጠባይ ምክር ተዉት።

የአፍንጫው ነገር ግን አንድ ነው። እነሱ ነፋስን አይተው መግቢያ ይመርጣሉ፣ በጅረት ውስጥ ይሄዳሉ፣ ጎማ ጫማ ያደርጋሉ፣ የተክል ጭረት እየለቀቁ አየሩ የሚሄድበትን ያያሉ። ይህ ሁሉ ለእኛም ይሆናል። እንዲያውም ብዙዎቹ የሚያድኑት ረባዳ ሜዳ ላይ ዛፍ ላይ ወጥተው ስለሆነ፣ የእኛን ያህል በጋራ ነፋስ አይቸገሩም።

ድኩላ በእርግጥ ያን ያህል ያሸታል?

ያሸታል። ድኩላ ከላም ጋር በአንድ ንዑስ ቤተሰብ ውስጥ የሚመደብ እንስሳ ነው። የሰው ልጅ የሚሠሩ የሽታ ተቀባይ ዘረ መሎች 400 ገደማ ናቸው፤ የላም ግን 1,000 ገደማ ይሆናሉ። ከብት የጠበቀ ሰው ላም አፍንጫዋን በምላሷ ደጋግማ ስታርስ አይቷል። እርጥብ አፍንጫ በአየር የሚመጣውን ሽታ ይይዛል፤ የድኩላም እንደዚያው እርጥብ ነው።

ድኩላ የጥሻ እንስሳ መሆኑንም አትርሱ። በደጋው ያለው የምኒልክ ድኩላ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው። ወንዱ ጥቁር ሊባል የሚችል፣ ሴቷ ቀላ ያለችና ቀንድ የሌላት። ብዙውን ጊዜ ብቻውን ይሄዳል፤ ንጋትና ምሽት ላይ ከጥሻው ብቅ ብሎ ቅጠል ይቀነጥባል። ጥሻ ውስጥ ዓይን ሩቅ አያይም፤ ስለዚህ ኑሮው በጆሮውና በአፍንጫው ላይ የቆመ ነው። ቅርንጫፍ ሲሰበር ቢሰማ ቀና ብሎ ያዳምጣል፤ ላም ትሆናለች፣ ዝንጀሮ ይሆናል ብሎ ወደ ቅጠሉ ሊመለስ ይችላል። ሰው ከሸተተው ግን ሁለተኛ ማረጋገጫ አይፈልግም። እንደ ውሻ ጩኸት ያለ አንድ ሻካራ ድምፅ ያሰማል፣ ከዚያ ጥሻው ይነቃነቃል፣ አበቃ።

የእኛ አገር ነፋስ በየሰዓቱ ለምን ይገለባበጣል?

ጋራ ላይ ነፋስ ከሩቅ ብቻ አይመጣም፤ መሬቱ ራሱ ያስነሳዋል። ፀሐይ የጋራውን ፊት ስትመታው መሬቱን የተጠጋው አየር ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ዳገቱን ይዞ ይወጣል። ሲመሽ መሬቱ ሙቀቱን ለሰማይ ይለቅና አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ እንደ ውኃ ቦዩን ፈልጎ ይወርዳል።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በመሐሉ ሐረጎን የሚያህል ቁልቁለት አለ፤ ቦርከናም ደሴን አቋርጦ በሸለቆው ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር የሚወርደው እንደ ቦርከና ባሉ ሸለቆዎች በኩል ነው። በበጋ ንጋት ላይ በባጃጅ ቁልቁል የወረደ ሰው ድልድይ አካባቢ ሲደርስ ብርዱ ድንገት እንደሚጠነክር ያውቃል። እዚያ የተኛው ሌሊቱን የወረደው አየር ነው። ቀን ይህ ሁሉ ይገለበጣል፤ ከታች የሞቀው አየር ወደ ላይ ይስባል።

ይህን ከማንም በፊት የሚያውቁት ገበሬዎች ናቸው። ከጦሳ ጀርባ በገራዶ በኩል አንድ ጠዋት ስንወርድ አንድ አባት አውድማ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጤፉ ተበራይቶ ተከምሯል፣ መንሹ አጠገባቸው ተጋድሟል፤ እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። «አባባ፣ ለምን አያዘሩም?» አልናቸው። «ነፋሱ መቼ መጣና ልጄ! ከሦስት ሰዓት በፊት አዝርቼ አላውቅም» አሉን። አብረን ተቀመጥን። ፀሐይዋ አውድማው ላይ ከደረሰች በኋላ ትንሽ ቆይቶ ሽውታው ከሸለቆው በኩል መጣ። አንድ እፍኝ አንስተው ለቀቁት፤ ፍሬው እግራቸው ሥር ወደቀ፣ እብቁ ወደ ዳገቱ ተሳበ። ከዚያን ቀን ወዲህ በአዲስ ቦታ ነፋስ የምጠይቀው አውድማው የት እንደሆነና እህሉን በስንት ሰዓት እንደሚያዘሩ ነው።

ሰዓቱን በግርድፉ እንዲህ ያዙት። በበጋ፣ ሰማይ ጥርት ባለበት ቀን፣ ከንጋት እስከ 2 ሰዓት ገደማ አየሩ ወደ ታች ይወርዳል። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቆም ይላል፣ ይዋልላል፤ ይህች ሰዓት ክፉ ናት። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ጥላ የወደቀበት ፊት ቀድሞ ይቀዘቅዝና እንደገና መውረድ ይጀምራል።

ሁሉም ፊት ግን በአንድ ሰዓት አይገለበጥም። ደሴ የኖረ ሁሉ ጦሳ የምሽቷን ፀሐይ ቀድሞ እንደሚጋርዳት ያውቃል፤ ጋራው ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ነው። ወደ ከተማው የሚያየው ፊት ጠዋት ቀድሞ ይሞቃል፣ ከሰዓት ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ጀርባው ደግሞ ጠዋት ይዘገያል፣ ማታ ይቆያል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ላይ፣ በአንድ ጋራ፣ በዚህ ወገኑ አየር ሲወጣ በዚያ ወገኑ ገና ሊወርድ ይችላል።

ስልኬ ላይ ያለው የአየር ትንበያ አይበቃም?

አይበቃም። ትንበያው የሚነግራችሁ ሰፋ ያለ አካባቢ ላይ የሚነፍሰውን ነው። እናንተ የገባችሁባትን ሸንተረር አያውቃትም። ትልቁ ነፋስ ጠንካራ በሆነበት ቀን ትንበያው ይረዳል፣ ምክንያቱም የመሬቱን ሽውታ ያሸንፈዋል። ፀጥ ባለ ቀን ግን «ከምሥራቅ» ብሎ ሲጽፍላችሁ አየሩ በቦዩ ውስጥ ወደ ምሥራቅ እየወረደ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ነፋሱን በምን ልፈትሽ?

በአመድ። ከምድጃ የተወሰደ ነጭ አመድ በወንፊት ይነፋና በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ታስሮ ይቋጠራል። እኔ የምይዘው እንቁላል የሚያክል ቋጠሮ ነው፤ ከጃኬቴ ቁልፍ ጋር በክር አስሬዋለሁ። በጣት መታ ሲደረግ ትንሽ ጢስ የሚመስል ነገር ይወጣል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መታ ያደርግና አመዱ ከእጁ ሲለቅ ብቻ አይቶ «ከፊቴ ነው» ብሎ ይሄዳል። አመዱን እስኪጠፋ ተከተሉት። አንድ ጊዜ ትንሽ ጉብታ ላይ ሆኜ መታ ሳደርግ አመዱ በቀጥታ ወደ ኋላዬ አለፈ፤ ሦስት አራት እርምጃ እንደሄደ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ከዚያ በቀስታ ቋጥኙን ዞሮ ወደምፈልገው ጥሻ ገባ። እጄ ላይ ብቻ አይቼ ቢሆን ጥሩ ነፋስ ነው እል ነበር።

አመድ ቶሎ ስለሚጠፋ ለሩቁ የጥጥ ጭረት ይሻላል። ጥጡን በጣታችሁ አሳስታችሁ ፈታ ፈታ አድርጉና አንዷን ለቀቅ አድርጓት፤ ፀሐይ ካለች ብዙ ርቀት እያብለጨለጨች ስትሄድ ታያላችሁ። ስትወጣ፣ ስትወርድ፣ ገደል አፋፍ ላይ ደርሳ ስትመለስ ታሳያችኋለች። ጣትን በምራቅ አርሶ ማንሳት ለጠንካራ ነፋስ እንጂ ለንጋት ሽውታ አይሠራም። ሲጋራ የሚለኩሱም አሉ፤ ጢሱ አቅጣጫውን ያሳያል፣ ድኩላውንም ያስነሳል።

መግቢያዬን እንዴት ልምረጥ?

ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስቡ። ድኩላው በምትፈልጉት ሰዓት የት ይሆናል? ያን ጊዜ አየሩ ወዴት ይሄዳል? እነዚህን ሁለቱን ካወቃችሁ በኋላ ነው መቀመጫ የሚመረጠው፤ መቀመጫው ከተመረጠ በኋላም መንገዱ ለብቻው ይታሰባል። ጥሩ መቀመጫ በመጥፎ መንገድ ከተደረሰበት ዋጋ የለውም።

አየሩ በሚወርድበት ሰዓት ከእንስሳው በታች መሆን አለባችሁ፤ በሚወጣበት ሰዓት ከበላይ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይገባዋል። ችግሩ የሚመጣው በንጋት ገብተው እስከ ረፋድ ለመቀመጥ ሲያስቡ ነው። በጨለማ ከታች ገብታችሁ ተቀመጣችሁ እንበል። እስከ 2 ሰዓት ድረስ ጠረናችሁ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ ከላይ ያለው ድኩላ አያውቃችሁም። ፀሐይዋ ፊቱን ስትይዘው ግን ያው ጠረን ዳገቱን ይዞ በቀጥታ ወደ እሱ ይወጣል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ወይ ከታች ግቡና ሰዓቷ ሳትደርስ በጊዜ ውጡ፤ ወይ ገና ከመነሻው ለረፋዱ ብላችሁ ከላይ ተቀመጡ።

ከላይ መቀመጥ የራሱ ጣጣ አለው። በጨለማ፣ አየሩ እየወረደ ሳለ፣ በድኩላው ፊት ለፊት ባለው ዳገት ከወጣችሁ እርምጃችሁ ሁሉ ጠረን ያፈስበታል። መፍትሔው በጋራው ጀርባ መውጣት ነው። ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን የጎፍ የተባለውን ጋራ ውሰዱ። ወደ ኮምቦልቻ የሚያየው ፊት የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው ስለሆነ ለረፋድ ይመቻል፤ ግን በዚያው ፊት አትውጡ። ረጅሙን ዞራችሁ በሌላው ወገን ብትወጡ ጠረናችሁ በዚያኛው ሸለቆ ይወርዳል። አፋፉ ላይ ስትደርሱ ወዲያው አትሻገሩ። ከአፋፉ በታች ጎንበስ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ላባችሁ ይድረቅ፣ አየሩ መገልበጡን በአመድ አረጋግጡ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ተሻገሩ። ይህ መንገድ አንድ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ይጨምርባችኋል። ልጆቹ የሚያጉረመርሙት በዚህ ነው፤ እኔ ግን ቆርጬ የምናገረው በዚህ ነገር ላይ ነው። አጭሩን መንገድ መርጦ ሦስት ሰዓት ባዶ ጥሻ ከማየት አንድ ሰዓት መዞር ይሻላል።

ቦዮችን ተጠንቀቁ። ትንሽ የምትመስል የጎርፍ ቦይ ንጋት ላይ እንደ አሸንዳ ናት፤ ከላይ የገባባትን ጠረን ሳትበትን እስከ ታች ታደርሰዋለች። የቦይ አናት አቋርጣችሁ ስታልፉ ቦዩ የት እንደሚያልቅ እወቁ። ሌላው አስቸጋሪ ቦታ ከአፋፍ ጀርባ ያለው ነው። ነፋስ አፋፉን ሲያልፍ ከጀርባው ተጠማዝዞ ይመለሳል፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ነፋሱ በፊቱ ነው ሲል በጀርባው ይሆናል፣ በጀርባው ነው ሲል በጎኑ። ሁለት ጉብታዎች መካከል እንደ ኮርቻ ዝቅ ያለ ቦታ ሲሆን ደግሞ ነፋሱ እዚያ ይጠባል፣ ይበረታል፤ አቅጣጫው ግን ይታመናል።

ነፋሱ በቀጥታ ከፊቴ ካልሆነ ልመለስ?

አትመለሱ። እንዲያውም እኔ የጎን ነፋስ እመርጣለሁ። ነፋስ በቀጥታ ከፊት ሲሆን ድኩላውም ብዙ ጊዜ ነፋስን በአፍንጫው እየተቀበለ ይሄዳልና ከእናንተ እየራቀ ይሆናል፤ የምታዩት ጀርባውን ነው። ከጎን ሲሆን ጠረናችሁ እንስሳው በሌለበት በኩል ያልፋል፣ እሱም በፊታችሁ ተሻግሮ ሊያልፍ ይችላል። ጠረናችሁ የሚሄድበት ወገን ገደል፣ የእርሻ ማሳ ወይም መንደር ቢሆን ደግ ነው። ከኋላ ከሆነ ግን ያን ቀን ቦታውን ተዉት፤ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ከቤት ከመውጣቴ በፊት ስለ ገላዬና ስለ ልብሴ ምን ላድርግ?

ወሎ ውስጥ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ቤታችን ሁሉ መልካም ሽታ ነው። ቡና ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ ሉባንጃው ሲታጠን ልብስ ሁሉ ይጠጣዋል። ጋቢ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ የሳምንቱን ጢስ ይዞ ይኖራል። እናቶች ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል፤ ጠረኑ ለእኛ ቤት ቤት ይላል፣ ለድኩላው ግን «ሰው» ይላል።

የምትለብሱትን ለብቻው ለዩ። ሽታ ባለው ሳሙናና ዱቄት አትጠቡት፤ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ ከማዕድ ቤቱ ርቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ሲደርቅ በንጹሕ ማዳበሪያ ወይም ፌስታል ውስጥ ይታሰር። ለብሳችሁት ባጃጅ ውስጥ አትግቡ፤ የቤንዚን ሽታ ይይዛል። እዚያው ደርሳችሁ ቀይሩ። ሽቶ፣ የፀጉር ቅባት፣ ቅቤ ለዚያን ቀን ይቅር። ከዋዜማው ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ምግብና መጠጥ ብትተዉ ይመረጣል፤ ከትንፋሽም ከላብም ይወጣል። ስንቅ ቆሎ ወይም ቂጣ ይሁን።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ግን ሰው ሰው ትሸታላችሁ። ከቆዳችን በየጊዜው የሚረግፍ ብናኝ አለ፤ ላቡንም በቆዳ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሽታ ይለውጡታል። መታጠብ ጠረኑን ይቀንሳል፤ ነፋሱን ችላ ለማለት ግን ፈቃድ አይሰጣችሁም።

ልብሴን በጥድ ቅጠል ባሸው ወይም በፍየል በጠጥ ብቀባው ጠረኔ አይሸፈንም?

አይሸፈንም። እኛ ወጥ ቤት ገብተን «ወጥ ሸተተኝ» እንላለን፤ አፍንጫቸው ስል የሆኑ እንስሳት ግን በርበሬውን፣ ሽንኩርቱን፣ ቅቤውን ለየብቻ እንደሚለዩ አስቡት። ጥድ የተቀባ ሰው ለድኩላ ጥድና ሰው ነው።

ዳገቱን ስወጣ ላብ ያጠምቀኛል። ምን ይሻላል?

ቀስ ማለት። የደሴ ንጋት ብርድ ስለሆነ ሰው ጃኬቱን ደርቦ ይነሳና ገና እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ይረጥባል። ከስር ስስ ለብሳችሁ በርዷችሁ ጀምሩ፣ ጃኬቱን በጀርባችሁ ተሸከሙ። ለመቀመጫ የሚሆን ደረቅ ካናቴራ ያዙ። ከመቀመጫው ራቅ ብላችሁ፣ ጠረኑ ወደማይጎዳበት ወገን ቆማችሁ ቀይሩ፤ የረጠበውን በፌስታል እሰሩት።

መሬት ላይ የምተወው ዱካስ?

ነፋስ ጠረናችሁን ይዞ ያልፋል፤ መሬት የነካችሁት ግን ይቆያል። ድኩላ ለሰዓታት ከቆየ በኋላ እንኳ በረገጣችሁበት ሲያልፍ ቆሞ ሊያነፈንፍ ይችላል። ቦቲ ጫማ ከቆዳ ጫማ ይሻላል፤ ቦቲው ራሱ ከዚያ በፊት ናፍጣ የፈሰሰበት ጋራዥ ውስጥ ያልገባ ይሁን። ጅረት ካለ በጅረቱ ውስጥ ሂዱ። እንስሳው የሚሄድበትን ዱካ በዱካው አትከተሉት፣ አቋርጣችሁ ማለፍ ካለባችሁ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አቋርጡ። ከሁሉ በላይ በመንገዳችሁ ያሉትን ቅጠሎች በእጃችሁ አትዳስሱ፤ ቅጠሉ ያለው አፍንጫው ከፍታ ላይ ነው።

የከብት መንገድ ካለ ግን እሱን ያዙ። እረኛ በየቀኑ በሚያልፍበት የሰው ሽታ አዲስ ነገር አይደለም። የሚያስደነግጠው ሽታው ያልተለመደ ቦታ ላይ ሲገኝ ነው፤ ቢያንስ እኔ ያየሁት ይህን ነው።

በጉምና በዝናብ ጊዜ መውጣት ያዋጣል?

የደሴን ጉም ለሚያውቅ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰማይ በተሸፈነበት ቀን ፀሐይ መሬቱን አታሞቀውምና የመውጣትና የመውረዱ ነገር ይደክማል፤ ነፋሱ ረጋ ያለ ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ አቅጣጫ ሊውል ይችላል። በሌላ በኩል እርጥበት ጠረንን ያቆየዋል። ቀለል ያለ ካፊያ ካባራ በኋላ ግን ግቡ፤ ቅጠሉ እግራችሁ ሥር አይንኮሻኮሽም፣ እንስሳቱም ብዙ ጊዜ ብቅ ይላሉ። ወፍራም ጉም ሲሆን ገደል አለና አትውጡ።

ተቀምጬ ሳለ ነፋሱ ቢዞርብኝስ?

ተነሱና ውጡ። ይህን የምላችሁ ባለመነሳቴ ስለተቀጣሁ ነው። ከኮምቦልቻ በላይ ባለው ደን፣ በታኅሣሥ ወር፣ ከወይራ ሥር ተቀምጬ አንዲት ሴት ድኩላ ከነግልገሏ ቅጠል ስትቀነጥብ ለግማሽ ሰዓት ያህል አየሁ። ግልገሏ የእናቷን ጎን በአፍንጫዋ ትነካለች፣ ትመለሳለች። ፀሐይ ከዛፎቹ አናት ወደ መሬት መውረድ ስትጀምር ፊቴ ላይ የነበረው ቅዝቃዜ ቆመ። አውቄዋለሁ፤ አመዱንም መታ አድርጌ ቀጥ ብሎ ሲቆም አይቻለሁ። ግን አንድ ፎቶ ብቻ ልጨምር ብዬ ቆየሁ። ማጅራቴ ላይ ሙቅ ነገር ሲነካኝ እናቲቱ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ነበር። ጮኸች፣ ዘለለች፤ ግልገሏ ለጥቂት ቅጽበት ወዴት እንደምትሄድ ጠፍቷት ዞረች፣ ከዚያ በሌላ በኩል ገባች። እናትና ልጅ በኔ ምክንያት ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ወደዚያ ቦታ አልሄድኩም። ቆይተው ተገናኝተው እንደሆነ አላየሁም።

ፊታችሁ ላይ ያለው ቅዝቃዜ ሲቆም ምልክቱ ተሰጥቷችኋል። ለመውጣት ጥቂት ደቂቃ አላችሁ።

ስወጣስ መጠንቀቅ አለብኝ?

ከመግቢያው እኩል። ብዙ ሰው ፎቶውን ካነሳ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለውና በሜዳው መሐል እያወራ ይወርዳል። ያን ቀን ያየውን ድኩላ በሚቀጥለው ሳምንት አያገኘውም። እንስሳው ራሱ ከቦታው እስኪሄድ ጠብቁ፤ ካልሄደም ወደ ኋላ በጎን ነፋስ ውጡ። አንድን ቦታ በተከታታይ ቀናት አትጎብኙ። ሁለት ሦስት ቦታ ኑሯችሁ እንደ ነፋሱ መቀያየር ይሻላል።

ሩቅ መሄድ ለሚችል ሰው የተሻለ ቦታ አለ?

አለ። በደቡብ ወሎ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ፣ ብዙዎቻችን ደንቆሮ ጫካ የምንለው፣ የምኒልክ ድኩላም ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለበት። እዚያ በፓርኩ አስጎብኚ ነው የሚገባው። አስጎብኚው ነፋሱን ከእናንተ በላይ ያውቃልና «ዞረን እንሂድ» ሲላችሁ አትከራከሩት።

ጅብ ወይም ነብር ቢያጋጥመኝ? ሰውስ ቢጠረጥረኝ?

በጨለማ ብቻችሁን አትውጡ። ነፋስን ተጠንቅቆ በዝምታ የሚሄድ ሰው ለነብርም ለጅብም ድንገተኛ ነው። በጠባብ ቦይ መታጠፊያና በዋሻ አፍ ላይ ቆም በሉ፣ በመጠኑ ድምፅ አሰሙ። ስትቀመጡ ጀርባችሁን ለቋጥኝ ወይም ለወፍራም ግንድ ስጡ።

ሰውን በተመለከተ ጥንቃቄው ይበልጣል። ጥሻ ውስጥ አድፍጦ በባይኖኩላር የሚያይ ሰው ማንንም ያሳስባል፣ መንደሩም እውነት አለው። ከመግባታችሁ በፊት ቀበሌውን አስፈቅዱ፣ የደን ጥበቃ ሠራተኛ ካለ አግኙት፣ በዋዜማው ሽማግሌዎቹን ሰላም በሉ፣ የምትቀመጡበትን ወገን ንገሯቸው። ቡና አፍልተው ከጋበዟችሁም ተቀመጡና ጠጡ፤ የመውጫ ልብሳችሁ ግን በፌስታሉ ውስጥ ታስሮ ደጅ ይቆይ።